ድስት፣ ከረጢትና ቴርሞሜትር፦ ቢራን ከብቅል ጀምሮ በቤት መጥመቅ

አሜሪካ ውስጥ የቤት ቢራ መጥመቂያ ዕቃ ሱቅ የገባ ጀማሪ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው በሚያብረቀርቀው ላይ ነው። በደረጃ የተደረደሩ ሦስት በርሜሎች፣ ፓምፕ፣ በስልክ የሚታዘዝ ማሞቂያ ያያል። ዋጋውን አይቶ «ይሄስ ለእኔ አይደለም» ብሎ ይወጣል፤ ወይም ይባስ ብሎ ይገዛዋል። ሁለቱም አያስፈልግም። ከብቅል ተነስቶ ደህና ቢራ ለመጥመቅ አንድ ትልቅ ድስት፣ አንድ የወንፊት ጨርቅ ከረጢትና የማይዋሽ ቴርሞሜትር ይበቃል። የተረፈ ገንዘብ ካለ የሚውልበት ሌላ ቦታ አለ፤ ወደኋላ እንደርስበታለን።

በቤት ቢራ የሚጠመቀው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ፋብሪካ የብቅሉን ስኳር አውጥቶ እንደ ማር ያወፈረውን ማልት ኤክስትራክት ገዝቶ በውሃ ማቅጠን ነው። ይቀላል፣ ግን ዋናውን ሥራ ሌላ ሰው ሠርቶልዎታል። ሁለተኛው ከብቅሉ ከራሱ መነሳት ነው። ጠላ ሲጠመቅ እያየ ያደገ ሰው ይህንን ግማሹን ያውቀዋል፤ ብቅል ምን እንደሆነ፣ ጌሾ ለምን እንደሚገባ፣ ድፍድፍ ምን እንደሚመስል የሚነግረው አያስፈልገውም። ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በጠላ ብቅሉ፣ እንኩሮው ወይም ቂጣውና ጌሾው ጋን ውስጥ አንድ ላይ ገብተው፣ ስታርቹ ወደ ስኳር፣ ስኳሩም ወደ አልኮል ጎን ለጎን ይለወጣሉ። በቢራ እነዚህ ሥራዎች ተነጣጥለው በየተራ ይሠራሉ። ብቅሉ በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ ስኳሩን ይለቃል፣ ተጣርቶ የጌሾን ቦታ ከሚይዘው ከሆፕ ጋር ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ በኋላ ነው እርሾ የሚጨመረው። እያንዳንዱ ተራ የራሱ ሙቀት አለው፤ ቴርሞሜትር የግድ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሕጉን በአጭሩ እንለፈው። በአሜሪካ በቤት ቢራ መጥመቅ በፌዴራል ደረጃ የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1978 በፈረሙት ሕግ ነው። አንድ አዋቂ ያለበት ቤት በዓመት እስከ 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ያለበት ደግሞ እስከ 200 ጋሎን ያለ ቀረጥ መጥመቅ ይችላል። መሸጥ ግን ክልክል ነው፤ ለጎረቤት በሁለት ዶላርም ቢሆን። የየስቴቱ ሕግ ለብቻው ነው፤ መጨረሻ ላይ የፈቀዱት ሚሲሲፒና አላባማ ሲሆኑ እነሱም በ2013 ነው። በብሪታንያ ከ1963 ወዲህ ፈቃድ አይጠየቅም። ሳውዲ ዓረቢያና ኩዌት ላላችሁ ወገኖች ግን ይህ ጽሑፍ ለንባብ ብቻ ነው፤ እዚያ ቀልድ የለም።

የትኛውን ዘዴ ይምረጡ?

የድሮው ዘዴ ሦስት ዕቃ ይፈልጋል፤ ውሃ ማሞቂያ፣ ብቅል መዘፍዘፊያና ማፍያ። ብዙ ሰው ለመዘፍዘፊያ የሽርሽር ኩለር ይጠቀማል፤ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ማጣሪያ ያስገባበትና ሙቀቱን ይዞ አንድ ሰዓት ያቆይለታል። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ጠንካራ ቢራ በብዛት ለሚጠምቅም ዛሬም ይመረጣል። ነገር ግን ቦታ ይይዛል፣ ከዕቃ ወደ ዕቃ ሙቅ ውሃ ማመላለስም አለበት።

በ2000ዎቹ አጋማሽ የአውስትራሊያ የቤት ጠማቂዎች ነገሩን አሳጠሩት። ውሃው በሙሉ አንድ ድስት ውስጥ ይገባል፣ የተፈጨው ብቅል ድስቱ ውስጥ በተዘረጋ ከረጢት ይዘፈዘፋል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ከረጢቱ ይወጣና ድስቱ እዚያው ይፈላል። መዘፍዘፊያው፣ ማጣሪያውና ማፍያው አንድ ሆነ ማለት ነው። ለጀማሪ የምመክረው ይህንን ነው፤ ለአፓርታማ ነዋሪም ከዚህ የተሻለ የለም።

እንደ ግሬይንፋዘርና ብሩዚላ ያሉት ሁሉን በአንድ የያዙ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ደግሞ ከረጢቱን በብረት ቅርጫት የተኩ፣ ሙቀቱንም በራሳቸው የሚጠብቁ ናቸው። መጥፎ አይደሉም። ነገር ግን በአሜሪካ የተለመደው የ120 ቮልት ሶኬት ከ1,800 ዋት በላይ ስለማይሰጥ፣ 30 ሊትር ውሃ እስኪፈላ ድረስ ትዕግሥትዎን ይፈትናል። በ220 ቮልት አገር፣ አውሮፓም ሆነ ኢትዮጵያ፣ ሌላ ዕቃ ይመስላሉ። ለማንኛውም ሥራው እንደሚጥምዎ ሳያውቁ እንዲህ ያለውን አይግዙ።

ዕቃዎቹ

የአሜሪካ መጽሐፎች የሚጽፉት ለ5 ጋሎን፣ ማለትም ለ19 ሊትር ነው። እርስዎ በ10 ሊትር ይጀምሩ። ምክንያቱ ምድጃው ነው። ለ19 ሊትር ቢራ 27 ሊትር ያህል ውሃ ማፍላት ያስፈልጋል፤ የቤት ምድጃ ያንን ሞቅ ያደርገዋል እንጂ አያንተከትከውም። ሰው ከዚያ የጋዝ ማንደጃ ይገዛል፣ ማንደጃው ደግሞ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይለኮስም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል። ጓሮ ከሌለዎት ነገሩ እዚያው ያበቃል። 10 ሊትር ግን በማንኛውም ማዕድ ቤት ይሠራል።

ድስቱ 20 ሊትር የሚይዝ የማይዝግ ብረት ይሁን። ለበዓል ወጥ የሚሠራበት እንዲህ ያለ ድስት ቤትዎ ካለ አዲስ አይግዙ፤ ግን የበርበሬና የቅባት ሽታው በደንብ ይልቀቅ፣ ቅባት የቢራ አረፋ ይገድላል። ቧንቧ ያለው ድስት ያምራል፣ ለመጀመሪያ ግን ትርፍ ነው። ምድጃዎ የመስታወት ከሆነ የሚሸከመውን ክብደት መመሪያው ላይ ያንብቡ።

ከረጢቱ ድስቱን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍንና አፉ በድስቱ ከንፈር ላይ የሚገለበጥ መሆን አለበት። ጠባብ ከረጢት ውስጥ ብቅሉ ተጠቅጥቆ መሐሉ ደረቅ ይቀራል። ስፌቱ ጠንካራ ይሁን፤ 2 ኪሎ ተኩል ብቅል ውሃ ጠጥቶ ሲወጣ ክብደቱ ከእጥፍ ሊበልጥ ይችላል።

ቴርሞሜትሩ ዲጂታል ይሁን፣ ግን ዲጂታል ስለሆነ አይመኑት። ብርጭቆ ሙሉ በረዶ አድቅቀው ጥቂት ውሃ ያክሉበትና አማስለው ጫፉን መሐሉ ላይ ያስገቡ፤ 0 ዲግሪ ማንበብ አለበት። ከዚያ በሚፈላ ውሃ ይሞክሩት። እዚህ ላይ የሚኖሩበት ከፍታ ይገባል፤ ባሕር ጠረፍ አጠገብ 100፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው ዴንቨርና ኦሮራ 95 ገደማ፣ አዲስ አበባ ደግሞ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ሁለት ዲግሪ የሚሳሳት መሣሪያ ይዘው ከጠመቁ ቢራዎ ለምን በየጊዜው እንደሚለያይ ፈልገው አያገኙትም።

ማብላያው ለምግብ የተፈቀደ ከ15 እስከ 20 ሊትር የሚይዝ ባለ ክዳን የፕላስቲክ ባልዲ ነው። ክዳኑ ላይ ኤርሎክ ይሰካል፤ ውሃ የሚሞላባት ትንሽ ፕላስቲክ ስትሆን ጋዝ ታስወጣለች እንጂ አየር አታስገባም። ካርቦይ የሚባለውን ግዙፍ የመስታወት ጠርሙስ ተዉት። ሲሞላ ከባድ፣ ሲረጥብ አንሸራታች ነው፤ ተሰብሮ እጅ የቆረጠባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ከዚህ ሌላ የፈሳሹን ጥግግት የሚለካ ሃይድሮሜትርና ረጅም መለኪያ ብርጭቆው፣ ፈሳሽ የሚስብ ሳይፈን ከነቱቦው፣ የቆርኪ ማሸጊያ፣ ግራም የምትለይ ሚዛንና ሳኒታይዘር ያስፈልጋሉ። ሁሉም ተደምሮ፣ ድስቱን ጨምሮ፣ ብዙ ጊዜ ከ200 ዶላር አይዘልም። የብቅል ወፍጮ አይግዙ፤ ሱቁ ይፈጭልዎታል። የመዳብ ማቀዝቀዣ ጥቅልም ለ10 ሊትር አያስፈልግም፣ የዕቃ ማጠቢያ ገንዳና ሁለት ከረጢት በረዶ ይተካዋል።

ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ የሚታጠነው በከንቱ አይደለም። የቢራው ግራዋና ወይራ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፤ አንዱ ቆሻሻ ያነሳል፣ ሌላው የማይታየውን ተሕዋስ ይገድላል። ሳሙና የመጀመሪያውን ይሠራል፤ ለሁለተኛው ስታር ሳን የሚባለውን አሲድ፣ በአንድ ሊትር ውሃ 1.5 ሚሊ ሊትር ያህል በጥብጠው ይጠቀሙ። አረፋው አይታጠብም፣ እንዳለ ቢራው ይገባበታል። ያልጸዳ ዕቃ ግን በምንም ሳኒታይዘር አይድንም። በረኪና የሚጠቀም ሰው ደግሞ ከአሲድ ጋር እንዳይቀላቅል፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

ለመጀመሪያው ዙር

ኤል ከሚባለው የቢራ ዓይነት ቀላል ቢጫ ቀይ ይጥመቁ። 2.2 ኪሎ ፔል ማልት፣ 200 ግራም ክሪስታል 40 የሚባለው የተቃጠለ ስኳር ጣዕም ያለው ብቅል፣ 10 ግራም ማግነም ሆፕ ለምሬት፣ 15 ግራም ካስኬድ ለመዓዛ፣ አንድ ፓኬት ዩኤስ-05 ደረቅ እርሾ። ካስኬድ በ1972 ከኦሪገን የወጣ፣ የአሜሪካን ቢራ ጠባይ የለወጠ ሆፕ ነው፤ የብርቱካን ቅርፊት የሚመስል ሽታ አለው። ላገር የሚባለው ሌላው ዓይነት መጀመሪያ አይሞከርም፤ ሳምንታት ሙሉ ብርድ ውስጥ መቀመጥ ይፈልጋል።

ውሃው 15 ሊትር። ከዚህ ብቅሉ ሊትር ተኩል ያህል ይጠጣል፣ የአንድ ሰዓት ፍላት ሁለት ሊትር ተኩል ያተናል፣ ድስቱ ሥር አንድ ሊትር ያህል ዝቃጭ ይቀራል፤ ለእርስዎ 10 ሊትር ይተርፋል። የእርስዎ ድስት ከዚህ በላይ ወይም በታች ሊያተን ይችላልና የመጀመሪያውን ቀን ቁጥር ይጻፉት። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑን እንዲያጠፋ የካምደን ክኒን ሩብ ፈጭተው ይበትኑበት። ክሎሪን ያለበት ውሃ ቢራውን ፋሻና መድኃኒት የሚሸት ያደርገዋል፣ ብዙ የአሜሪካ ከተሞች የሚጨምሩት ክሎራሚን ደግሞ በማፍላት ብቻ በቀላሉ አይለቅም።

የመጥመቂያው ቀን

አምስት ሰዓት ያህል ነፃ ጊዜ ይዘው ይጀምሩ። ውሃውን እስከ 70 ዲግሪ ያሙቁ፣ እሳቱን ያጥፉ፣ ከረጢቱን ይዘርጉ። ብቅሉን በአንድ ጊዜ አይገልብጡት፤ አንድ ሰው ቀስ እያለ ያፍስስ፣ ሌላው ያማስል፣ ገንፎ ሲገነፋ እንደሚደረገው። ውጪው የራሰ ውስጡ ዱቄት የሆነ ጓል ይፈጠራል፤ በማማሰያው ከድስቱ ግድግዳ ጋር እያሻሹ ያፍርሱት። ያልፈረሰ ጓል ስኳር አይሰጥም። አማስለው ሲጨርሱ ሙቀቱ 67 አካባቢ ይሆናል።

ይህ ቁጥር የዘፈቀደ አይደለም። ብቅል ውስጥ ስታርችን የሚቆርጡ ሁለት ዋና ኢንዛይሞች አሉ። አንደኛው በ62 እና በ65 መካከል ይበረታል፣ የሚያወጣውን ስኳር እርሾ ጠርጎ ስለሚበላው ቢራው ደረቅና ቀጭን ይሆናል። ሌላው ወደ 70 ሲጠጋ ነው የሚነግሠው፤ የሚያስቀረው ስኳር ከፊሉ ለእርሾ አይበገርምና ቢራው አፍ ይሞላል። 67 ሁለቱም የሚሠሩበት መሐል ነው። ከ75 በላይ ከወጡ ሁለቱንም ቶሎ ይገድሏቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቁት አጥሚት እንጂ ቢራ አይደለም።

ድስቱን ከምድጃው አውርደው ክዳኑን ይግጠሙ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው 60 ደቂቃ ይተዉት። ሁለት ዲግሪ ቢወርድ አይደንግጡ። እንደገና ማሞቅ ካማረዎ ግን ከረጢቱ የድስቱን ወለል እንዳይነካ፤ ይቀልጣል። መጨረሻ ላይ ቢቀምሱት ፈሳሹ ጣፋጭ ሆኗል። ዎርት የሚባለው ይህ ነው።

ከረጢቱን ቀስ ብለው ያንሱ፣ ያንጠባጥብ፣ ከዚያ ይጭመቁት። መጭመቅ ቢራውን ያሻክራል የሚል ወሬ ይሰማሉ፤ በዚህ ዘዴ ከልቤ አላምንበትም፣ ጓንት አድርገው አጥብቀው ይጭመቁ። አሰሩን ሲንክ ውስጥ አይድፉት፣ ቱቦ ይዘጋል። ደርቆ ዳቦ ውስጥ ይገባል፣ ለአትክልትም ይሆናል።

አሁን ያፍሉት፣ ክዳን ሳይገጥሙ። ክዳን የተገጠመበት ዎርት የተቀቀለ በቆሎ የሚሸት ነገር ይዞ ይቀራል። ፍላቱ ሊጀምር ሲል የሚነሳው አረፋ ከድስት ወተት ይብሳል፤ ጀርባዎን ሲያዞሩ ገንፍሎ ምድጃውን ያጣብቀዋል። እሳቱን ቀነስ እያደረጉ ዓይንዎን አይንቀሉ፣ አረፋው ሲሰበር ማግነሙን ይጨምሩና 60 ደቂቃ ይቁጠሩ። አምስት ደቂቃ ሲቀር ካስኬዱ ይገባል። ከፍታ ላይ ያለ ሰው ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ከሆፑ የሚያገኘው ምሬት ያንሳል፤ ዴንቨርም ሆነ አዲስ አበባ ማግነሙን በሁለት ግራም ከፍ ያድርጉት። ውሻ ካለዎት ሆፕ ከአፉ ይራቅ፣ ለውሻ መርዝ ነው።

ፍላቱ ካለቀ በኋላ ቢራውን የሚነካ ማንኛውም ነገር በሳኒታይዘር የራሰ ይሁን። ድስቱን በረዶ ባለበት ገንዳ ውስጥ አስቀምጠው 20 ዲግሪ እስኪደርስ ያቀዝቅዙ፣ ዝቃጩን ወደኋላ ትተው ወደ ባልዲው ያጋቡ። በዚህ ሰዓት ብቻ አየር ወዳጅ ነው፤ ባልዲውን ደህና አድርገው ይናጡት፣ እርሾ ለመባዛት ኦክስጅን ይፈልጋል። ሃይድሮሜትሩ 1.045 እና 1.050 መካከል ካነበበ ሥራው ሰምሯል። ከፓኬቱ ግማሹ ይበቃል፣ ሙሉውን ቢነሰንሱትም አይጎዳም። ክዳን፣ ኤርሎክ፣ ጨለማ ቦታ።

ገንዘብዎን እዚህ ላይ ያውሉ

ስኳሩን እርስዎ ሠሩ፤ ቢራውን የሚሠራው እርሾው ነው። ጀማሪ ሁሉ ስለ ድስት ይጨነቃል፣ ቢራው የሚበላሸው ግን ከዚህ በኋላ ባሉት ሦስትና አራት ቀናት ነው። እርሾ ሲሠራ ሙቀት ያመነጫል፣ ባልዲው ውስጥ ያለው ከክፍሉ ሙቀት በብዙ ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። 24 ዲግሪ የሆነ ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ ቢራ ውስጡ 27 ደርሶ ቀለም ማቅጠኛ የሚሸትና ራስ የሚያምስ አልኮል ይፈጥራል። ብዙ ሰው «የቤት ቢራ ጣዕም» እያለ የሚያማው ይህንኑ ነው። ዩኤስ-05ን በ18 እና በ20 መካከል ያቆዩት።

ርካሹ መላ ባልዲውን ትልቅ ገንዳ ውስጥ፣ የገላ መታጠቢያውም ይሆናል፣ እስከ ወገቡ በውሃ አቁሞ ጠዋትና ማታ በረዶ የሆነ የውሃ ጠርሙስ መቀያየር ነው። ከባልዲው ጎን ላይ የምትለጠፍ የሙቀት መለኪያ ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አትበልጥም። ከዚያ በኋላ ትርፍ ገንዘብ ካለዎ አሮጌ ፍሪጅና የሚያበራ የሚያጠፋለት የሙቀት መቆጣጠሪያ ይግዙ። ከሚያብረቀርቀው በርሜል በፊት፣ ከወፍጮውም በፊት።

ኤርሎኩ በአንድ ቀን ውስጥ መተንፈስ ይጀምራል። መተንፈሱን ሲያቆም አልቋል ብለው አይቸኩሉ፤ ሁለት ሳምንት ይተዉት፣ ከዚያ በሁለት ቀን ልዩነት ሃይድሮሜትር ያስገቡ። ሁለቱም ጊዜ አንድ ቁጥር፣ 1.010 ወይም 1.012 አካባቢ ካነበበ ተጠናቋል። አልኮሉ በመቶ 4.7 ገደማ ነው። ቁጥሩ ገና እየወረደ ሳለ ያሸገ ሰው ጠርሙስ ሳይሆን ፈንጂ ነው የደረደረው።

ማሸግ

26 ያህል ባለ 355 ሚሊ ሊትር ጠርሙሶች ያጠራቅሙ፤ ቡናማ፣ ቆርኪያቸው በመክፈቻ የሚነሳ እንጂ የሚጠመዘዝ ያልሆነ። በነጭና በአረንጓዴ ጠርሙስ ፀሐይ ገብታ ከሆፑ ጋር ተጋጭታ መጥፎ ሽታ ታወጣለች። 60 ግራም ስኳር በሲኒ ውሃ አፍልተው ንጹሕ ባልዲ ሥር ያፍስሱ፣ ቢራውን ሳያንቦጫርቁ በሳይፈን በላዩ ያጋቡ፤ አሁን አየር ጠላት ሆኗል። ጠርሙሱ አናት ላይ ሁለት ጣት ቦታ ትተው ያሽጉ። አንዱን በለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይሙሉት፤ በጣት ሲጫኑት እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ሌሎቹም ጋዝ ይዘዋል ማለት ነው። በክፍል ሙቀት ሁለት ሳምንት፣ ከዚያ ሁለት ቀን ፍሪጅ። ሲቀዱ በአንድ ጊዜ፣ ሥሩ ላይ ያለውን ዝቃጭ ሳይነቀንቁ።

በሁለተኛው ዙር አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ ወይ የዝፍዘፋውን ሙቀት ወይ ሆፑን። ሁለቱን በአንዴ የለወጠ የትኛው ምን እንዳመጣ አያውቅም። ሆፑን ትተው በጌሾ ሊሞክሩ ካሰቡ፣ እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ፦ ጌሾውን በብዛት ገምቼ ከመጨመር፣ ትንሽ በውሃ አፍልቼ መረቁን ለይቼ አስቀምጥና ዎርቱን እየቀመስኩ በማንኪያ በማንኪያ አክልበታለሁ። የጌሾ ምሬት እንደየቅጠሉና እንደየእንጨቱ ይለያያል፤ ፓኬት ላይ የተጻፈ ቁጥር የለውም።